የአባባ ሦስት ጣት

«ምላስሽ ከመረቡ ይረዝማል» አሉኝ አባባ፣ ፊት ለፊቴ፣ ያ ሁሉ ዓሣ አጥማጅ እየሰማ።

አባባ የምላቸው አባቴ ሆነው አይደለም። ከውርጌሳ ወጣ ብላ ያለችው የኛ ትንሽ ሐይቅ ጠባቂ ናቸው። ሐይቋ ክረምት ሲገባ ትዘጋለች፤ ዓሣው የሚራባው ያኔ ነው። መስቀል ሲያልፍ ትከፈታለች። ከመከፈቷ በፊት ግን ሁሉም መረቡን ተሸክሞ ዳር ላይ ይሰለፋል። አባባ ሦስት ጣታቸውን ገጥመው በመረቡ ዓይን ያስገባሉ። ጣታቸው ካለፈ መረቡ አለፈ። ካላለፈ ባለቤቱ ይዞት ይመለሳል፤ ጠባብ ዓይን ገና ያልወለደውን ትንሹን ዓሣ ሁሉ ጠርጎ ያወጣልና። ይህን ሕግ ሽማግሌዎቹ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ አንድ ላይ ተቀምጠው ያጸኑት እኔ ሳልወለድ ነው። ወረቀት የለውም። መለኪያው የአባባ ጣት ነው።

እኔ ከጎናቸው ተቀምጬ መረቡ ያለፈለትን ሰው ስም እጽፋለሁ። ሥራውን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። ወልዲያ ቤት ተከራይቼ ዐሥራ ሁለተኛን ስጨርስ ውጤት አልመጣልኝም። ቤት ተመልሼም አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተኝ፤ ጠዋት መርሳ፣ ከሰዓት ውርጌሳ፣ እግሬ እንደመራኝ እዞር ነበር። ሰፈሩ «ወደቀች» ሲለኝ፣ አባባ «የምትጽፍ ልጅ ተገኘችልን፣ አልሐምዱሊላህ» ብለው ደብተር አስያዙኝ። ያን ቀን ያን ባይሉኝ ዛሬ የት እንደምሆን አላውቅም። እሳቸውን ሰው ፊት መናገር የከበደኝ ለዚህ ነው። ግን ተናገርኩ።

ነገሩ የጀመረው ከድስት ነው። ባለፈው ሐይቋ ልትዘጋ ስትል ወንድሜ ያመጣው ቆረሶ ዓሣ መዳፌን አይሞላም ነበር። ልጅ ሳለሁ አንድ ቆረሶ ሦስት ሰው ያጠግብ ነበር፤ አሁን ሦስት ቆረሶ አንድ ሰው አያጠግብም። የወንድሜን መረብ አወረድኩና አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ትቶልን ከሄደው አሮጌ መረብ ቁራጭ ጋር ገጠምኩት። ሁለቱም በአባባ ጣት ያለፉ ናቸው። የአባቴ ግን ዓይኑ ሰፋ ይላል። ደጋግሜ ገጠምኩት፤ ያው ነው።

ለወንድሜ ስነግረው ጮኸብኝ። «አርፈሽ ተቀመጪ! አባባ ያሳለፉትን መረብ አንቺ ልትጥዪው ነው? ሌላ መረብ አለን እንዴ? ምን ልንበላ ነው?»

እውነቱን ነው። ሌላ መረብ የለንም። እኔም ወልዲያ የተማርኩት በዚያው መረብ ነው።

የመፈተሻው ቀን ወንድሜ ሁለተኛ ተሰልፏል። አባባ ጣታቸውን ከተቱ፤ ገባ። «ጻፊ» አሉኝ። አልጻፍኩም።

«አባባ፣ መረቡ ሰፍቶ አይደለም። ጣትዎ ነው የከሳው።»

ስለ ምላሴ ያሉኝ ያኔ ነው። ከሰልፉ አንዱ «ባል ፈልጉላትና የሱን ጣት ትለካ!» አለ። ሳቁ ሐይቋን ተሻገረ። ወንድሜ ብቻ አልሳቀም።

«ለመሆኑ የኔን ጣት በምን ለካሽው?» አሉ አባባ።

«በቀለበትዎ። ድሮ በሳሙና ነበር የሚወጣልዎ። አሁን እንዳይወድቅ ክር ጠምጥመውበታል።»

ሳቁ ቆመ። አባባ ከታመሙ ወዲህ መክሳታቸውን የማያውቅ የለም፤ ወተት የሚልክም፣ ማር የሚልክም ነበር። ጣታቸውም አብሮ እንደሚከሳ ግን አንዳችንም አላሰብንም። እሳቸውም ጭምር። የብር ቀለበታቸውን ሳብ ቢያደርጉት ከነክሩ ወጣ። የአባቴን መረብ ቁራጭ ሰጠኋቸው። ሦስት ጣታቸውን ሲያስገቡ ተንቀዋለለ።

«ይህን ያሳለፍኩት እኔ ነኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ያኔ ግጥም ብሎ ነበር የገባው። ወላሂ፣ መረባችሁ አላጠፋም። ያጠፋው ጣቴ ነው።»

ሌላ ሽማግሌ ቢሆን በከዘራው ይለኝ ነበር። እሳቸው ቁጭ አሉና የወይራ ስንጥር አስመጥተው፣ በአባቴ መረብ ዓይን ልክ ጠረቡት። ስንጥሯ ስትገጥም «ሁሉንም እንደገና» አሉ። የወንድሜ መረብ ወደቀ። ከሱ በኋላ የመጡትም ብዙዎቹ ወደቁ። አባባ ማንንም ባዶ እጁን አልሰደዱም፤ «ያለፈለት ያላለፈለትን በታንኳው ይዞ ይውጣ፤ የወጣውን ይካፈሉ» አሉ። ያ በባል የቀለደው ሰውዬ መረቡ ካለፈላቸው ጥቂቶች አንዱ ነበርና ወንድሜን «ና፣ ከኔ ጋር ትወጣለህ» አለው። ይሉኝታ ይሁን ደግነት አልጠየቅኩም፤ ብቻ ውለታው አለብኝ።

ወንድሜ ሁለት ቀን እንዳኮረፈኝ በሰውዬው ታንኳ ወጣ። በሦስተኛው ያለንን አንድ በግ ራሱ ፈትቶ ወደ መርሳ ገበያ ነዳ፤ ሲመለስ ብሩን ሰጠኝና «ወልዲያ ሄደሽ ዓይነ ሰፊውን መረብ ይዘሽ ነይ» አለኝ። የወደቀውን መረብ የዶሮ ቤት አጠርኩበት።

በማግስቱ ጠዋት አባባ አስፋልቱ ድረስ ወጥተው ጠበቁኝ። ስንጥሯን ከጋቢያቸው ሥር አወጡ።

«ባለሱቁ የመረብ ዓይን ቁጥር ያወራልሻል። አንቺ ግን ይቺን ክተቺ። ስትገባ ብቻ ግዢ።»

«ካልገባችስ፣ አባባ?»

«ምላስሽ አለ አይደል?»

ጎንበስ ብዬ እጃቸውን ሳምኩ። «በሰላም ግቢ፣ ልጄ» አሉኝ። ስንጥሯን በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩና ወደ ወልዲያ በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈርኩ።