ለዕርቅ ድንጋይ ተሸክሜ የታሰርኩበት እሑድ

ከደባርቅ የወጣሁት በገበያ ቀን ነው፤ ሁለት በግ እየነዳሁ፣ በሊማሊሞ ቁልቁለት ወርጄ አዲ አርቃይ የምሸጥ መስዬ። ኬላው ላይ ታጣቂው "ምነው ከሱ?" አለኝ። "እንደኛው ናቸዋ" ስለው ስቆ አሳለፈኝ። በጎቹን ሸጬ ሱዳን ገባሁ፤ ከዓመታት በኋላ ወረቀት ተገኘና ሰሜን እንግሊዝ፣ አንዲት የድንጋይ ከሰል መንደር ጣሉኝ። ብርዱ የኛው የስሜን ብርድ ነው፤ ረፋድ ላይ የሚሞቁት ፀሐይ ግን የለም።

ያከራዩኝ አሮጊት ዶሪስ ይባላሉ፤ እኔ እትዬ ዶሪስ እላቸዋለሁ። በገባሁ ቀን "ልጆቼ ከሰል ቆፋሪዎች ናቸው፤ አሁን አድማ ላይ ናቸው" ሲሉኝ ሻንጣዬን መልሼ ዘጋሁ። በደርግ አገር አድማ ያለ ሰው የት እንደሚያድር ታውቃላችሁ።

"እዚህ አድመኛ አይታሰርም?" አልኳቸው።

"ይራባል እንጂ" አሉኝ።

ታናሹ ቶም ልጆቹ ሲራቡበት ወደ ሥራው ተመለሰ። መንደሩ ለሁለት ተከፈለ። በሩ ላይ "ስካብ" ብለው ጻፉበት፣ አድማ አፍራሽ ማለት ነው፤ መስኮቱን ሰባበሩት። ታላቁ ጃክ "ወንድም የለኝም" አለ። እናትየው እሑድ እሑድ ጃክን በስድስት ሰዓት፣ ቶምን በዘጠኝ ሰዓት ያበላሉ። "ሳልሞት ባንድ ገበታ ባየኋቸው" ሲሉ አንጀቴን በሉት።

በኛ አገር ይቅርታ የሚጠይቅ ድንጋይ ተሸክሞ ይሄዳል። ጃክን ብለምነው "እሱ ይሸከም" አለ፤ ቶምም "እሱ ይሸከም" አለ። ስለዚህ እኔ ተሸከምኩ። ደህና ድንጋይ መርጬ፣ ጫንቃዬ ላይ አድርጌ፣ ቶም ደጅ ስደርስ መስኮቱን የሚጠብቅ ፖሊስ ቆሟል።

"ድንጋዩን አስቀምጥ።"

"ካልታረቁ አላወርድም።"

"ለዕርቅ በድንጋይ ነው የሚመጣው?"

"ባዶ እጅ መምጣትማ ንቀት ነው።"

ይህን ሁሉ ጽፎ ጣቢያ ወሰደኝ።

ጃክም ቶምም ሊመሰክሩልኝ እየሮጡ መጡ። እኔን መሃል አድርገው አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ አንዲት ቃል አልተለዋወጡም። ስለቀቅ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ ሄደ።

"ጎን ለጎን ተቀመጡ?" አሉኝ እትዬ ዶሪስ።

"አዎ።"

"ተነጋገሩ?"

ዓይናቸውን አይቼ "ትንሽ" አልኩ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ንገረኝ ይሉኛል፤ እኔም እጨምራለሁ። ትናንት ቶም ለጃክ ሲጋራ ለኮሰለት አልኳቸው፤ እሳቸው ሲስቁ እኔ ክፍሌ ገብቼ አለቀስኩ። እናቴ ከወጣሁ ወዲህ ድምፄን አልሰማችም። ደባርቅ ያላችሁ፣ ስታገኟት ሊመጣ ነው በሏት፤ ውሸትም ቢሆን።