ጮቄ ላይ የጠየቅሁት ስም

ባለቤቴ በሞተች በሁለተኛው ወር ትምህርት ቤቱ ወደ ጮቄ ተራራ ላከኝ። ደብረ ማርቆስ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ለተማሪዎች የአካባቢ ካርታ ልናዘጋጅ ስለነበር የተራራውን ጫፎች ስምና የአየሩን ጠባይ ከነዋሪው ጠይቄ፣ ሙቀቱን ለክቼ እንድመለስ ታዘዝኩ። ርዕሰ መምህሩ "አየርም ትለውጣለህ" አለኝ። እሺ አልኩ። ያን ሰሞን ለሁሉም ነገር እሺ ነበር የምለው።

ሮብ ገበያ በምትባለው ከተማ በኩል ወጣሁ። መኪናው ካደረሰኝ በኋላ የቀረውን በእግሬ ሄድኩ። መጀመሪያ የገብሱ ማሳ አለቀ፤ ቀጥሎ የአስታው ቁጥቋጦ አለቀ፤ ከዚያ ወዲያ የጓሳ ሣርና እንደ ሰው ቀጥ ብሎ የሚቆመው ጅብራ ብቻ ሆነ። ቴርሞሜትሩ አራት ዲግሪ አሳየኝ፤ ጻፍኩ። ወዲያው ጉም ወረደና መንገዱ ጠፋኝ። መፍራት ይገባኝ ነበር፤ አልፈራሁም። በረዶ ሲጥልብኝ እንኳ መጠለያ ሳልፈልግ እንደ ጅብራ ተገትሬ ቀረሁ።

"ሰው ነህ? ተናገር እንጂ!" አለ የሴት ድምፅ።

በጎቻቸውን ሊሰበስቡ የወጡ አሮጊት ነበሩ። እጄን ይዘው ቁልቁል እየጎተቱ ቤታቸው አስገቡኝ። እሳት ዳር አስቀምጠው ጣቶቼን በመዳፋቸው ያሹልኝ ጀመር።

"ምን ሽተህ መጣህ ልጄ?"

"የደብረ ማርቆስ መምህር ነኝ፣ እማማ፤ የተራራውን ስም ልጠይቅ ነው። ይሄን ከበላይዎ ያለውን ጫፍ ምን ይሉታል?"

"እንግዳ ሁሉ ጮቄ ይላል። እኛ 'ላዩ' እንለዋለን። ላዩ ጠቆረ፣ ላዩ ጠራ እንላለን።"

"ብርዱስ የሚበረታው መቼ ነው?"

"ጥቅምትና ኅዳር። ውርጩ ያሸተውን ገብስ እንደ እሳት ይለበልበዋል።" ጣቶቼን እያሹ ቀጠሉ፣ "ባሌንም ብርድ ነው የወሰደብኝ። የሞተበት አንተ ከቆምክበት ብዙ አይርቅም። ሚስት አለችህ?"

"ሞተች።"

እጃቸው ቆመ። "የክርስትና ስሟን ንገረኝ።"

ነገርኳቸው። እንዳይረሱት ሁለት ጊዜ ደገሙት፤ ከዚያ በዚያው ስም እየጠሩ፣ አብረዋት እንደኖሩ ሁሉ አለቀሱላት። ከቀብሩ ወዲህ ስሟን ጮክ ብሎ የጠራ ሰው አልሰማሁም ነበር። እኔም ማልቀስ እንደነበረብኝ አውቃለሁ። የጣቶቼን መቅላት ሳይ ቆየሁ።

በማግስቱ ሰማዩ ጠርቶ ወረድኩ። ካርታው ላይ "ላዩ" የሚለውን ጽፌው ነበር፤ ርዕሰ መምህሩ "ይሄ ስም አይደለም" ብሎ ሰረዘው። አልተከራከርኩም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ነጋዴ ግማሽ ጆንያ ድንች ቤቴ ደጃፍ ላይ አወረደ።

"ከላይ አገር አንዲት እናት ልከውልህ ነው። 'እየበላ ነው ወይ ብለህ ጠይቅልኝ' ብለዋል።"

"እየበላሁ ነው በላቸው" አልኩት።

እውነት አልነበረም። ሲሄድ ጥቂቱን ቀቀልኩና በጨው በላሁ። ለአንድ ሰው ስለበዛ የቀረውን ይዤ የጎረቤቴን በር አንኳኳሁ።