ጣውንቴ አባይ

ባሏን ከሌላ ሴት ጋር የጠረጠረች ሴት ቢያንስ የምትጠላው ፊት አላት። እኔ ሪያድ ውስጥ፣ ዝናብ ሲጥል ሰው ሥራ አቋርጦ በመስኮት በሚያይበት ከተማ፣ በወንዝ ቀናሁ። አሁን ሳወራው ሰው ይስቅልኛል፤ እኔን ግን ዛሬም ያንገበግበኛል።

ባለቤቴ የቅየሳ መሐንዲስ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ከከተማ ውጭ መንገድ ሲቀይስ ይሰነብትና አቧራ ለብሶ፣ ቃል ሳይተነፍስ ይገባል። እኔም ሹመይሲ አካባቢ በሚገኝ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ስሠራ ውዬ ደክሞኝ እመጣለሁ። በልተን እንተኛለን። አርብ ሲሆን ግን ያ ዝምተኛ ሰውዬ ሌላ ሰው ይሆናል። ሺፋ ሰፈር ያለው ቤታችን በወዳጆቹ ይሞላል። ሐኪሙ፣ የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያው፣ ሾፌሩ ሁሉ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ምንጣፉን ይከቡታል። ምሳ ከተበላ በኋላ ባሌ ጉሮሮውን ይጠርግና አባይን ይዘረጋል።

ይዘረጋል ስል የምሬን ነው። ሰማያዊውን ሻርፔን ከቁም ሳጥን ያወጣና ምንጣፉ ላይ ጎጃምን እንደ መቀነት አስዙሮ እስከ ሱዳን ድንበር ያወርደዋል። ሻርፑን ስንተጫጭ የገዛልኝ ራሱ ነው። የስኳር ዕቃዬ ጣና ይሆናል፣ የሻይ ብርጭቆዎቼ ተራራ፣ የበርበሬ ቆርቆሮዬ የጠላት ምሽግ። ከዚያ ጦሩን ማዝመት ይጀምራል።

ይችልበታል፣ አልዋሽም። የጥንት ነገሥታት ወንዙን እንገድብባችኋለን እያሉ የግብፅን ሱልጣኖች እንዴት እንቅልፍ ይነሷቸው እንደነበር ይተርካል። ከስንት ዘመን በኋላ ደግሞ የግብፅ ጦር ምንጩን ልያዝ ብሎ በሰሜን በኩል መድፍ እየጎተተ መጥቶ ሁለት ጊዜ ተመትቶ መመለሱን ያመጣል። በመሳፍንቱ ጊዜ የተሸነፈ ሁሉ ወደ አባይ በረሃ ወርዶ ነፍሱን ያተርፍ ነበር፤ አሳዳጁ ንዳዱን ፈርቶ ከገደሉ አፋፍ ይመለሳል። ነጋዴ በቅሎውን እያዋኘ፣ እሱ ራሱ በተነፋ አቁማዳ ላይ ተንሳፍፎ ሲሻገር ታየዋለህ። ለወንዙ የሚሳሉ አሉ፤ ከምንጩ ጠበል ለመጠመቅ አገር አቋርጠው የሚሄዱ አሉ። ሐኪሙ አፉን ከፍቶ ይሰማል። እኔ በወጥ ቤቱ በር ተደግፌ አየዋለሁ፤ ዓይኑ ያበራል፣ እጁ ይወራጫል፣ ሃያ ዓመት ያንሳል። ያን ፊት እኔ የማውቀው በእጮኝነታችን ጊዜ ነበር። የት ሄደ ስል እዚያ ምንጣፍ ላይ አገኘሁት።

እኔ ያደግኩት ድሬዳዋ ነው። የእኛ ወንዝ ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሰው አቋርጦት ገበያ ይሄዳል። ደጋ ላይ ሲዘንብ ግን በድንገት ይመጣና ያገኘውን ይዞ ይሄዳል። አንድ አርብ እኔም ከእነሱ ጋር ቁጭ ብዬ ይህን ማውራት ጀመርኩ። ገና ሳልጨርስ ባሌ፣ «እሱ እኮ ጎርፍ ነው እንጂ ወንዝ አይደለም» አለ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ከዚያ ሻይ ላመጣ ብዬ ተነሳሁና ውሃው እስኪፈላ ወጥ ቤት ቆሜ ቀረሁ። ለአባይ የማይሰለች ሰው ለእኔ ደቻቱ አምስት ደቂቃ አጣ። ያኔ ነው በወንዙ የቀናሁት፤ ቅናት መሆኑንም ያኔውኑ አውቄዋለሁ።

በዚህ ላይ አንዲት ነርስ መጣች። በከተማው ሌላ ጫፍ፣ ነሲም ሰፈር ያለ አንድ ክሊኒክ ውስጥ የምትሠራ፣ ገና ያላገባች፣ ሳቂታ ልጅ ናት። ሐኪሙ ነው ይዟት የመጣው። ባሌ የዚያን ዕለት ስለ ሰባራ ድልድይ እያወራ ነበር። በኖራ የተገነባ የጎንደር ነገሥታት ዘመን ድልድይ ነው፤ በጣሊያን ጊዜ ጠላት እንዳይሻገር አርበኞች መሃሉን እንደሰበሩት ይነገራል። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን አገሬው በገመድ ሲሻገር ኖረ። ወገቡን ታስሮ፣ ጉልበተኞች በወዲህና በወዲያ ገመዱን ይዘው፣ ባዶ አየር ላይ ይጎትቱታል። እህል የጫነውም፣ የታመመውም፣ ሙሽራም።

«እናቴ ሙሽራ ሆና በዚያ ገመድ ነው የመጣችው» አለ ባሌ። «አባቴ ራሱ ነው የጎተታት። እየሳቀች ነበር የተሻገረችው!»

«የኔም አክስት!» ብላ ነርሷ ብድግ አለች። «ወንድሜ፣ እኔ እኮ የማዶ ልጅ ነኝ፣ የበጌምድሯ!»

ባሌ የሻርፔን አንዱን ጫፍ ሰጣት። እሱ በጎጃም በኩል፣ እሷ በበጌምድር በኩል ቆመው ይጎተታሉ፤ ሰዉ ያጨበጭባል። «ያላ፣ ያላ!» ይላል ሾፌሩ። እርር ድብን አልኩ። ወንድሜ ማለቷ ምንም አልነበረም፤ ሪያድ ውስጥ ያልተዋወቀው ሁሉ ወንድሜ ይባባላል። እኔን ያቃጠለኝ ማዶ ለማዶ መሆናቸው ነው። እኔ ከዚያ ወንዝ በየትኛውም በኩል የለሁበትም።

ከዚያ ወዲህ ነርሷ በየአርቡ ትመጣለች፤ ሲመሽ ደግሞ ወደ ነሲም የሚያደርሳት ባሌ ነው። ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ። ሲመለስ፣ «መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር» ይለኛል። ሴቶች እንዲነዱ በተፈቀደ ሰሞን የሥራ ባልደረቦቼ አንዷ ነፃነት፣ ሌላዋ ዘመናዊነት እያሉ መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ፣ እኔ በቅናት አወጣሁ። ተፈትኜ አለፍኩና በሚቀጥለው አርብ ቁልፉን ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ፣ «እኔ አደርሳታለሁ» አልኩ። ባሌ ደስ አለው። ደስ ማለቱ ራሱ አናደደኝ፤ ትንሽ እንኳን ቅር ቢለው ለጥርጣሬዬ ማስረጃ ባገኘሁ ነበር።

ልጅቱ ደግሞ እንድትጠላ ሆና አልተፈጠረችም። ከኋላችን ጡሩምባ ሲነፋብኝ፣ «ተያቸው፣ አንቺ በራስሽ ሂጂ» ትለኛለች። አንድ ቀን የአባይ ነገር እንዴት እንደማይሰለቻት ጠየቅኳት። «እህቴ፣ ስለ ወንዙ ሳይሆን ሰው አገሬን ሲያወራልኝ ደስ ስለሚለኝ ነው» አለችኝ። ሌላ ምንም የለም። መንገዱን ስጨርስ ቅናቴን ከእሷ ላይ አንስቼ ሙሉ በሙሉ ወደ ወንዙ መለስኩት።

ወረርሽኙ ሲመጣና ቤት ስንዘጋ፣ ነውር ቢሆንም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። እንግዳ የለም፣ ምንጣፉ ባዶ ነው፣ ባሌ የእኔ ብቻ ነው። ሁለት አርብ አለፈ፤ ዝም ብሎ ግድግዳ ያያል። በሦስተኛው እኔው ራሴ ሻርፑን አምጥቼ አነጠፍኩለት፤ «በል እስቲ ለእኔ ንገረኝ» አልኩት። አየኝ። «አንቺማ ሰምተሽዋል» አለና ስልኩን አነሳ። ከሐኪሙ ጋር ስለ ግድቡ ሙሌት ማውራት ጀመረ፤ ድምፁ ወዲያው ወጣቱን ሆነ። እኔ ሻርፑን አጥፌ ቦታው መለስኩ።

እናቱ የመጡት መንገዱ ከተከፈተ በኋላ፣ በፈረንጆቹ 2022 ነው። ዓይናቸውን ሊታከሙ በጉብኝት ቪዛ አመጣናቸው። በመጡበት ሳምንት የቤቱ ውሃ አለቀ፤ ዋይት የሚሉት የውሃ ቦቴ እስኪመጣ ባልዲ ስንሸከም አይተው፣ «ይሄ ሁሉ ፎቅ ወንዝ የለውም?» አሉና አንገታቸውን ነቀነቁ። አርብ ሲደርስ ሰዉ እሳቸውን ሊያይ ከወትሮው በዝቶ መጣ። ነርሷ ጉልበታቸውን ስማ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ በትውልድ ሁለቱም የበጌምድር ማዶ ሰዎች ናቸውና አነጋገራቸው ገጠመ። እሳቸውም «ልጄ» አሏት። እኔን ሙሉ ሳምንት «አንቺ» ሲሉኝ ሰንብተው። ሰላጣዬን መክተፍ ቀጠልኩ።

ከምሳ በኋላ ባሌ ተነሳ። አባይን ይዘረጋል ብዬ ስጠብቅ፣ «ዛሬ ወሬ አለኝ» አለ። «አገር ቤት ሥራ አግኝቻለሁ። እዚያው አባይ ዳር፣ ቅየሳ። ኹሩጁን አስገብቻለሁ፤ ኢንሻአላህ በሁለት ወር ጠቅልዬ እገባለሁ!»

ነርሷ እልል አለች። ሐኪሙ አቀፈው። እኔ ትሪ ይዤ በሩ ላይ ነበርኩ። ስለ ሥራው፣ ኹሩጅ ስለሚሉት መውጫ ወረቀት ከሾፌሩ ጋር እኩል ሰማሁ።

«ሚስትህስ?» አሉ እናቱ። ድምፃቸው ቀጭን ነው፤ ግን ሐኪሙ ባሌን ከእቅፉ ለቀቀው።

«እሷማ ሥራዋ እዚህ ነው፣ እማ። የመኖሪያ ፈቃዷም፣ ኢቃማዋ፣ በሆስፒታሉ ነው። ትቆያለች፣ ምን ችግር አለው?»

«ጠይቀሃታል?»

ባሌ ሳቀ። ሰዉም ሊስቅ ቃጣው። ሐኪሙ ወሬ ሊያስቀይር መሰለኝ፣ «እማማ፣ እስቲ ያንን የገመዱን ነገር ይንገሩን» አለ። «እየሳቁ ተሻገሩ ሲል ሰምተናል።»

«ማን? እኔ?» አሉ እናቱ። «ቀሚሴ በስብሶ ነው የተሻገርኩት። በወንዙ ውሃ አይምሰልህ። ልጅ ነበርኩ፤ ወገቤን አስረው አየር ላይ ሲለቁኝ እናቴን እየተጣራሁ ነው የተሻገርኩት።»

«አባዬ ግን ገመዱን...» አለ ባሌ።

«አባትህ ገመድ አልነካም። ቀድሞኝ ተሻግሮ ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ለሚዜዎቹ ስለ ድልድዩ ያወራ ነበር። ማን እንደሠራው፣ ማን እንደሰበረው። ጎትተው ሲያወርዱኝ እንኳን ቀና ብሎ አላየኝም፤ ወሬው አላለቀም ነበር። ዕድሜ ልኬን በዚያ ወንዝ እንደቀናሁ ነው። አንተም እሱን ወጣህ።»

እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። ትሪውን መሬት አስቀመጥኩ።

ባሌ ፊቱ ቀላ። ዞር አለና፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ «ትመጫለሽ እንዴ?» አለኝ።

ያን ጥያቄ ለስንት ጊዜ እንደጠበቅኩት እኔ ነኝ የማውቀው። አሁን ሲመጣ ግን እናቱ ቆንጥጠው ያወጡት ጥያቄ ነበር፤ በዚያም ቀናሁ። የራሴ የሆነ ጥያቄ አማረኝ። «ሰው ሲሄድ ጠይቀኝ» አልኩት።

«ኸላስ፣ እሺ» አለ።

ሰዉ ሄደ። ነርሷን ነሲም አድርሼ ስመለስ እናቱ ጋደም ብለዋል፤ እሱ ሳሎን ነበር። ብርጭቆዎቹን ቀስ እያልኩ፣ ቧንቧውን ቀነስ እያደረግኩ አጠብኩ፣ ቢጠራኝ እንድሰማ። ስልክ ላይ ነበር፤ ለአዲሱ አለቃው ስለ ሰባራ ድልድይ እየነገረው። ከዚያ ሳምንቶቹ አለፉ። እናቱን ሸኘን፣ ዕቃውን ጠቀለልኩለት፣ ሸሚዞቹን ተኮስኩ። አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ የነዳሁትም እኔ ነኝ፤ መንገዱን ሁሉ ሬዲዮ እንኳን አልከፈትኩም።

አሁን ከወንዙ ዳር ይደውላል። ደስተኛ ነው። ያንን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልጠየቀኝም። መልሴ እሺ ነበር።