ካሱን ከነጋቢው ያስገባው ሰው

ኦይታ ካሱን ከነጋቢው ለምን አስገባው? የሚያውቁትን ሁሉ ጠየቅሁ፤ ብቻዬንም ስንት ሌሊት አሰላሰልሁ። መልስ አላገኘሁም። አደጋውን ከእሱ በላይ የሚያውቅ ሰው በአርባ ምንጭ አልነበረም።

ኦይታ ገረሴ ከምትባል የጋሞ ደጋ የመጣ የገበሬ ልጅ ነው። ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ተነሥቶ ቡልጋሪያ ድረስ ሄደ። ሁለተኛ ዲግሪውን የሠራው በሥራ ቦታ ደህንነትና ጤንነት ነው፤ የመመረቂያ ጥናቱም የሠራተኛ ልብስ በሚሽከረከር ማሽን እንዴት እንደሚያዝ ነበር። በ1976 ዓ.ም. ሲመለስ በላንቴ መንገድ ባለ አንድ የመንግሥት ጥጥ መዳመጫ ተመደበ። መጀመሪያ ያወጣው ደንብ ማንም ጋቢ ወይም ነጠላ ለብሶ ማሽን ቤት እንዳይገባ የሚከለክል ነው። በር ላይ ቆሞ ራሱ ያስወልቃል። ከሠራተኞቹ ወርቄ የምትባል ቀልደኛ ትስቅበት ነበር።

«ልብስ ማስወለቅ ለመማር ቡልጋሪያ ድረስ! ባሎቻችን በነፃ ያስተምሩህ ነበር እኮ!»

«አውልቂ ወርቄ» ይላል እሱም እየሳቀ።

በዓመቱ የካሱ ልጅ በሰሜን ግንባር ሞተ። ሬሳው አልመጣም። ካሱ ጥጡን ለማሽኑ ከሚያጎርሱት አንዱ ነበር። ከለቅሶው በኋላ ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ሥራ መጣ። በቤተሰቡ ልማድ ሽማግሌ መጥቶ እስኪያወርድለት ድረስ ሐዘንተኛ ጋቢውን ከላዩ አይጥልም።

«ጋሽ ካሱ፣ ጋቢውን እዚህ ይተዉት» አለው ኦይታ።

«ልጄን መንግሥት ወሰደው። ጋቢዬን ደግሞ አንተ ውሰድ!»

«ለእርስዎ ብዬ ነው። ማሽኑ ሐዘን አያውቅም።»

«አንተስ ታውቃለህ?»

ኦይታ የጋቢውን ጫፎች ሰብስቦ በካሱ ወገብ ላይ በገመድ ጥብቅ አድርጎ አሰረና መንገድ ለቀቀለት።

ከምሳ በፊት ካሱ ጥጥ ለማንሣት ሲጎነበስ አንደኛው ጫፍ ከገመዱ ሾለከ። የሚሽከረከረው የማሽኑ ዘንግ ያዘው። ዘንጉ ሲዞር ጋቢው ተጠቀለለ፣ ካሱም አብሮ ተጎተተ። ግራ ክንዱ ገባ። አጥንቱ ሲሰበር ከማሽኑ ጩኸት በላይ ተሰማ። ጥጡ ቀላ። ሞተሩ ያለው ከግድግዳው ማዶ ነው፤ ሄደው እስኪያጠፉት ዘንጉ የካሱ አንገት ጋ ይደርሳል። ኦይታ የእሳት አደጋ መጥረቢያውን ከግድግዳው ነጥቆ ዘንጉን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘውን የላስቲክ ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ መታው። ደገመው። ቺንጋው ተበጥሶ እንደ ጅራፍ ተወረወረና የኦይታን ፊት ከጆሮው እስከ አገጩ ተረተረው። ዘንጉ ቆመ። የካሱ ክንድ ግን እዚያው ቀረ።

የካሱ ታናሽ ወንድም ዳና ካሱ ወደተወሰደበት ሆስፒታል ግቢ ዱላ ይዞ ደረሰ። የመዳመጫው ሥራ አስኪያጅ ጓድ ብርሃነመስቀል ቀድሞት ተናገረ።

«ራሱ ነው ደንብ ጥሶ የገባው። ተደብቆ!»

«አልተደበቀም» አለ ኦይታ፣ ፊቱን በጨርቅ እንደያዘ። «እኔ ነኝ ያስገባሁት። ጋቢውን ያሰርኩትም እኔ ነኝ።»

«አንተ፣ አፍህን ዝጋ!» አለው ሥራ አስኪያጁ።

ዳና ከዚህ በላይ አልሰማም። የመጀመሪያው ዱላ የኦይታ ትከሻ ላይ፣ ሁለተኛው ቁስሉ ላይ አረፈ። ኦይታ ወደቀ። ለመከላከል እንኳ እጁን አላነሣም።

«ዲግሪህን አሳየኛ!» ይላል ዳና፣ በመታው ቁጥር። «አሳየኛ!»

ከአስታማሚዎቹ አንድ ሽማግሌ ከግቢው እርጥብ ሳር ነጭተው በሁለቱ መካከል ተንበረከኩ። ሳር ይዞ የተንበረከከ ሽማግሌን አልፎ የሚማታ የጋሞ ልጅ የለም። ዳና ዱላውን አወረደ።

«ከሞተ ግን» አለ፣ «ሳሩም አያድንህም።»

ኦይታ መሸሽ ይችል ነበር። ቁስሉን አሰፍቶ ተመለሰና ከዳና ፊት ለፊት ግድግዳ ተደግፎ ተቀመጠ። ሲነጋም ሁለቱ እንደተፋጠጡ ነበሩ።

የካሱ ሚስት አገርነሽ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ከክፍሉ ወጣች።

«ዳና፣ ነቅቷል። ውሃ ብሰጠው ‹ሞቋል› ብሎ ተቆጣኝ።»

ዳና ሊስቅ ሲል ልቅሶ ቀደመው። ዱላውን ከአጥሩ ማዶ ወረወረው። ኦይታን ግን አላየውም፤ አልፎት ወደ ወንድሙ ገባ።

ኦይታ ባዶው ሲሚንቶ ላይ ባልተመታው ጎኑ ተጋደመ። እንቅልፍ የወሰደው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው።