ባሕር ይላል?

የእናቴ ታላቅ ወንድም በጣሊያን ጊዜ በኬንያ በኩል ተሰዶ፣ እንግሊዞች በጦር መርከብ ላይ እሳት አንዳጅ አድርገውት ነበር። ሲመለስ ይዞት የመጣው ደረቱ ላይ ያለውን የቃጠሎ ጠባሳ ብቻ ነው። ሶዶ ላይ የድል በዓል ሲከበር ሜዳሊያ ያላቸው ዳሱ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ እሱ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ያያል። አንድ ዓመት ከዚያ ሲመለስ፣ «የሌላውን ሜዳሊያ በለቅሶው ላይ ይዘው ይዞሩለታል፤ እኔ ስሞት ለቅሶዬ ላይ ምን ይዘው ይዞራሉ? የከሰል አካፋ?» አለኝ።

እናቴ ጸሎት ቤት የምትሄድ ናት። «ክብር የጌታ ነው፤ አንተ ብረት ትመኛለህ» አለችው።

«ጌታም መርከብ ላይ ተኝቷል። ችግሬን ያውቃል።»

እኔ ያኔ ትምህርት ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ፣ እጄ የገባውን ሁሉ እያነበብኩ ግጥም እሞካክር ነበር። ሜዳሊያ እንዲሰጠው የሚጠይቀውን ማመልከቻ እኔ ካልጻፍኩ ብዬ ድርቅ አልኩ። አጎቴ በወላይትኛ ይናገራል፤ እኔ በአማርኛ፣ አንዳንዴም ቤት እያስመታሁ እጽፋለሁ። «አባ» ባለ ቁጥር «ሐይቅ» እያልኩ ጻፍኩ። በወላይትኛ ሐይቁም ባሕሩም አባ ነው። እኔ ደግሞ በዕድሜዬ ያየሁት ትልቅ ውሃ ከዳሞታ ተራራ ላይ ሆኜ ቁልቁል የተመለከትኩት አባያ ብቻ ነበር።

የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ጮክ ብሎ አነበበው። «በታላቁ ሐይቅ ላይ ከጠላት መርከቦች ጋር...» ቀና አለ። «አባያ ላይ ነው እንዴ? ከአዞ ጋር?»

በረንዳው ላይ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሳቀ። ለቅዳሜ ገበያ ወሬው ቀድሞን ደረሰ። «ጋሼ፣ አዞው እጁን ሰጠ?» ይሉት ጀመር። አጎቴ ገበያ መውጣት ተወ። እኔን ግን አንድም ቀን አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያው ሳምንት በእግሬ ወደ ቦምቤ ሄድኩ። አብሮት በመርከቡ የነበረ ወዳጁ እዚያ ይኖራል። አጥር ሲያጥር አገኘሁት፤ ጥፋቴን ነገርኩት። እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

«ልጄ፣ ባሕር አይተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው ጻፍ። ሞልቶ የማይጠጣ ውሃ። እኔና አጎትህ ከታች ነን፤ ሰማይ አናይም። መድፍ መተኮሱን የምናውቀው አካፋው እጃችን ላይ ሲንቀጠቀጥ ነው። አንድ ቀን የእንፋሎቱ ቧንቧ ፈነዳ። እኔን ገፍትሮ እሱ ደረቱን ሰጠ።»

ስለ ጠባሳው ስንጠይቀው አጎቴ ሁልጊዜ «እሳት ነው» ብሎ ያልፈን ነበር። እንደተነገረኝ ጻፍኩት፤ ቤት አላስመታሁም። ሰውየው አውራ ጣቱን ቀለም ውስጥ ነክሮ ፈረመ።

ጸሐፊው የአሁኑን በልቡ አነበበው። «ማን ጻፈው?» አለ።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የተናገረው ሌላ ነው።»

ከዚያ በላይ ሳይጠይቀኝ ማኅተሙን አሳረፈበት።

ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ ደብዳቤና ሜዳሊያ አብረው መጡ። አጎቴ ሜዳሊያውን ትቶ ደብዳቤውን አነሳ።

«ባሕር ይላል?»

«ይላል።»

«የቱ ጋ?»

አሳየሁት። ማንበብ አይችልም፤ ግን ጣቱን ቃሉ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። እናቴ «ብረት እኮ ነው» እያለች ኮቱ ላይ ሰካችለት፤ እንዳይጣመምም ሦስት ጊዜ ራቅ ብላ አየችው።

ቅዳሜ ገበያውን ከዳር እስከ ዳር አቋረጠው። ስለ አዞ የጠየቀው የለም። ወደ ቤት እንመለሳለን ብዬ ስጠብቅ በቦምቤ መንገድ ወረደ፤ ተከተልኩት። ለመርከቡ ወዳጁ ምንም አልመጣለትም ነበር። አጎቴ ሜዳሊያውን ፈትቶ ሰውየው ደረት ላይ ሰካ።

«አንድ ሳምንት አንተ ጋ፣ አንድ ሳምንት እኔ ጋ።»

«አንዳችን ስንሞትስ?» አለ ሰውየው፣ ወደ ደረቱ ቁልቁል እያየ።

«የቀረው ይዞ ይዞርለታል።»