በድሩ፣ አዲሱ ስፒከርና የአባቱ ካሴት

ባሌ በድሩ ሠላሳ ዓመት ከሸዋ ሮቢት ካራቆሬ፣ ከካራቆሬ ሸዋ ሮቢት ሚኒባስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ጉልበቱ ሲደክም መኪናውን ሸጦ ቤት ተቀመጠ፤ ጆሮው ግን እስካሁን ከመኪናው አልወረደም። ዘፈንም ይሁን መንዙማ፣ ደረት ካልመታ ለእሱ ድምፅ አይደለም። ከኋላ ወንበር ሥር የገጠማቸው ስፒከሮች ሲያጓሩ ተሳፋሪው "ኧረ ሹፌር፣ ቀንስልን!" እያለ ይጮህ ነበር። እሱ ይስቃል።

ባለፈው ዓመት ልጃችን ኢልሀም ከዱባይ ሆም ቴአትር ላከችለት። "አባዬ፣ ትክክለኛውን ድምፅ ነው የሚያወጣው፤ አይጨምርም አይቀንስም" አለችው በስልክ። እኔ ደግሞ ዕቃ አክባሪ ነኝ። በዚህ አቧራ እንዳይበላሽ ብዬ ላስቲኩን ሳልልጥ ሁለቱን ትልልቅ ስፒከሮች ከቡፌው አጠገብ ጥግ አስያዝኳቸው፤ በላያቸውም በእጄ የሠራሁትን ዳንቴል እስከ እግራቸው አለበስኳቸው። ሙሽራ መስለው ነበር! በድሩ ከፈተው፣ አዳመጠ፣ ፊቱ ጠቆረ። "ይሄ የበሽተኛ ድምፅ ነው እንዴ? ልጅቷን አታለዋታል!"

አንድ ሳምንት ሙሉ ሲያጠፋ ሲያበራ፣ ወፍራሙን ድምፅ እስከ መጨረሻው ሲጨምር ከረመ። ሲያቅተው ከመናኸሪያው ጀርባ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግነውን ኢዮብን ጠራን። ኢዮብ ገና ከበሩ ሲያየው ሳቀ። "እትዬ ሙሀባ፣ አፉን አፍነውት በምን ይናገር?" ብሎ ዳንቴሌን ገፈፈ፣ ላስቲኩን ላጠ። አናደደኝ፤ ዳንቴሌን ከመሬት አንስቼ አጠፍኩት። ስፒከሮቹን ከጥጉ አውጥቶ ከግድግዳው አራቃቸው። ከኋላ ሲያያቸው የአንደኛው ቀይና ጥቁር ሽቦ ተገለባብጧል። "አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ወፍራሙ ድምፅ የጠፋው ለዚህ ነው" አለና አስተካከለው። በድሩ የጨመረውንም ወደ መሀል መለሰው።

በድሩ አሁንም አልተዋጠለትም። "ደረቅ ነው" አለ።

"ጋሼ በድሩ፣ ዕቃው ደህና ነው። ጆሮዎ ነው ጩኸት የለመደው። ትንሽ ይታገሱትና በደንብ በሚያውቁት ድምፅ ይሞክሩት።"

በደንብ የሚያውቀው ድምፅ! እሱማ አንድ ብቻ ነው፤ የአባቱ ካሴት።

በድሩ በወጣትነቱ "ማሽላ አላርስም፣ መኪና እነዳለሁ" ብሎ ከአባቱ ጋር ተጣልቶ ነው ከአገር ቤቱ ከቀወት የወጣው። አባትየው ሲሞቱ እሱ መኪናው ተበላሽቶበት ኮምቦልቻ ጋራዥ ነበር። በእኛ አገር ትልቅ ሰው ሊሞት ሲል ልጆቹን በየስማቸው እየጠራ ዱዓ ያደርግላቸዋል፣ ቤተሰቡ አሚን ይላል። ታላቅ ወንድሙ ሐጂ ሳሊም ያንን በቴፕ ቀድተው ካሴቱን አመጡለት። አባትየው ሳሊምን ይመርቃሉ፤ የእነ በድሩን እህት ፈትያን ይመርቃሉ፤ የልጅ ልጆቹን፣ ጎረቤቱን፣ የምትታለበዋን ላም ሳይቀር ይመርቃሉ። በድሩ ብቻ የለም።

ሃያ ሁለት ዓመት! አባቴ ተቀይሞኝ ሞተ እንዳለ ኖረ። ጎማ ሲፈነዳበት "እኔ ዱዓ የለኝማ" ይላል። ሁለተኛው ልጃችን በተወለደ በሳምንቱ ሲሞትብን "በእኔ ጦስ ነው" ብሎ እንደ ሴት አለቀሰ። አባቱን ለመካስ ብሎም እኔና እሱ ለሐጅ ያጠራቀምነውን ለታላቅ ወንድሙ ሰጥቶ መካ ላካቸው። ሐጂ የተባሉት በእኛ ነው።

ኢዮብ ካሴቱን ወደ ፍላሽ ገለበጠልን። ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ በድሩ ሰካው። አባትየው ከእኛ ጋር የተቀመጡ ያህል ተሰሙን፤ ትንፋሻቸው ሳይቀር ይለያል። ፈትያን መርቀው ጨረሱ። እዚያ ላይ ሁልጊዜ ሳል ይመጣና አንድ ጉርምርምታ ያልፋል፤ እኛ የቴፑ ችግር ነው ብለን ትተነዋል። ዛሬ ጉርምርምታው ቃል ሆኖ ወጣ።

"በድሩዬ ደግሞ..." አሉ አባትየው በደከመ ድምፅ።

ከቴፑ አጠገብ አንድ ሰው በሹክሹክታ "እሱን ይተውት አባባ" አለ። ቀጭ! ቴፑ ጠፋ። ከዚያ የልጅ ልጆቹ ምርቃት ቀጠለ።

በድሩ ወደ ኋላ እየመለሰ ደጋግሞ ሰማው። መጀመሪያ የወነጀለው ስፒከሩን ነው። ሽቦውን ነካካ፣ ግራና ቀኙን አቀያየረ፣ አንዱን ነቅሎ በሌላው ሞከረ። ኢዮብ ሱቅ ድረስ ሄዶም በጆሮ ማዳመጫ ሰማው። ያው ነው። ሹክሹክታው የሳሊም ነው። በድሩ እንዲያ የሚያከብረው፣ ራሱ ሳይበላ የሚያበላው ወንድሙ!

ሐጂ ሳሊምን ቤታችን ጠርተን አሰማናቸው። እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ "ይሄ ዕቃ ተበላሽቷል፤ አሠሩት" አይሉም?

ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ። "ዕቃውማ ደህና ነው ሐጂ! አላህን አይፈሩም? ሃያ ሁለት ዓመት ሲቃጠል እያዩ ቡናዬን ሲጠጡ!"

አንገታቸውን ደፉ። "አባባ ያን ለት ልባቸው ራርቶልህ ነበር" አሉት። "ከመረቁህ የወንዙን ዳር መሬት ያካፍሉሃል ብዬ ፈራሁ። ሸይጣን ነው።"

በድሩ ከወንድሙ ፊት ቁጭ ብሎ ጉልበታቸውን ያዘ። "መሬቱን ለልጆችህ አድርገው፣ አልጠይቅህም። ቴፑን ካጠፋኸው በኋላ ምን አለኝ? እሱን ብቻ ንገረኝ።"

ሐጂ ሳሊም ቀና ብለው ሊያዩት አልቻሉም።

"ወላሂ ምንም አላሉም፣ በድሩ። ይተውት ስላቸው ተዉት። ሳይነጋ፣ ሱብሂ ሳይደርስ ሞቱ።"