በፊልም ድንኳን ውስጥ ያለቀስኩት ለቅሶ

ቴሌቪዥን ስመለከት የማልታገሠው ነገር የውሸት ለቅሶ ነው። ድሮ ሰፈሩ በሙሉ አንድ ጎረቤታችን ቤት ታጭቆ የእሁድ ድራማ ሲያይ፣ ተዋናይዋ ስታለቅስ ንፍጧ ሳይቀር ይወርድ ነበር። ዛሬ ስክሪኑ ግድግዳ አክሏል፤ ልጇን ቀብራ የምትመለስ እናት ግን ኩሏ እንኳ አይበላሽም።

"እማዬ፣ ፊልም እኮ ነው" ትለኛለች የልጅ ልጄ።

"ፊልምም ቢሆን ሟቹ ይበደላል" እላታለሁ።

ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ከአስኮ ተመልሼ ከታክሲ ስወርድ፣ መንደራችን መግቢያ ላይ የእድራችን ድንኳን ተጥሏል። ክው አልኩ። ጠዋት ስወጣ አልነበረም፤ የነገረኝም የለም። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ገባሁ። ጥቁር የለበሱት ሴቶች አዲስ ሆኑብኝ፤ የተከራይ ዘመዶች መሰሉኝ።

"ማነው?" አልኳት አጠገቤ ያለችውን።

"የሃያ ዓመት ልጅ ነው" አለችኝ በሹክሹክታ።

ወንድሜም ሃያ ዓመቱ ነበር። በዚያ ክፉ ጊዜ ከቤት ወስደው ገደሉት። ማልቀስ ተከልክሎ ስለነበር እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ነው ያነባችው። ድንኳን አልተጣለለትም። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ በሄድኩ ቁጥር በሆዴ እሱን አነሳ ነበር። የዚያን ቀን ግን አፌ አመለጠኝ። ደረቴን እየመታሁ ስሙን ጠራሁ። "ድንኳንህ ዛሬ ተጣለልህ ወይ፣ ወንድም ጋሼ" አልኩ። ሴቶቹም አብረውኝ አነቡ።

"ካት" አለ አንድ ድምፅ ከኋላዬ።

ሴቶቹ ባንዴ ዝም አሉ። አንዷ ስልኳን አወጣች። ዞር ስል ጥግ ላይ ካሜራ ቆሟል። ሟቹ ራሱ፣ ደም የተቀባ ሸሚዝ ለብሶ፣ ድንኳኑ በር ላይ ሳምቡሳ ይበላል።

"የሞተው ማነው?" አልኩ።

"ማንም አልሞተም፣ እማማ። ፊልም እየሠራን ነው" አለኝ ዳይሬክተሩ፣ ገና ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ ልጅ። "እንዲህ ያለ ትወና ግን አይቼ አላውቅም።"

በእጄ ዱላ አለመያዜ በጀው።

ሳልሰናበታቸው ወደ ቤቴ ሄድኩ። በማግስቱ ያው ዳይሬክተር የእድሩን ዳኛ አስከትሎ ይቅርታ ሊጠይቅ መጣ።

"እማማ፣ አልፈልግም ካሉ ቆርጠን እናወጣዋለን። ቢተዉልን ግን ደስ ይለናል።"

ፊልሙ ውስጥ ቢቀር የወንድሜን ለቅሶ ለሌላ ሰው፣ ያውም ላልተፈጠረ ሰው፣ አሳልፌ መስጠቴ ነው። ተቆርጦ ቢወጣ ደግሞ በድንኳን ውስጥ ስሙ ተጠርቶ የተለቀሰለት አንድ ለቅሶ ጠፋ ማለት ነው።

"ፊልም ሲያልቅ በሚወርደው ጽሑፍ ሻይ ያቀረበውም ይጻፋል አይደል?" አልኩት።

"አዎ፣ ይጻፋል።"

"እንግዲያው የሞተውም ይጻፍ። ስሙ ከነአባቱ። ያለቀስኩትም ለእሱ እንደሆነ።"

ልጁ አቀርቅሮ "እሺ" አለ።

"የእድሩንም ስም ጻፉልን እንግዲህ" አለ ዳኛው ፈገግ ብሎ።

"አንተ ደግሞ ቆይ" አልኩት። "የለቅሶ ድንኳን ለጨዋታ በመስጠትህ በስብሰባ ትጠየቃለህ።"

ፊልሙ በኢንተርኔት ሲለቀቅ የልጅ ልጄ በቴሌቪዥኑ ከፈተችልኝ። ድምፄን ስሰማ እንደገና ደነገጥኩ። የኔ አልመሰለኝም። የእናቴ ድምፅ ነው፤ ያኔ በነጠላ የታፈነው።

ጽሑፉ መውረድ ሲጀምር ፈጠነብኝ። የኔ ንባብ የመሠረተ ትምህርት ነው፤ በየፊደሉ እቆማለሁ።

"አቁሚልኝ" አልኳት።

አቆመችው። እያንዳንዱን ፊደል በጣቴ እያሳየሁ፣ ከነአባቱ አነበብኩት። ከሥሩ ሻይ ያቀረበው ሰው አለ።

"ልቀጥለው፣ እማዬ?"

"ትንሽ ይቆይ" አልኳትና ነጠላዬን አዘቅዝቄ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።